ስለ ጊታር ገደል ማሚቶ፥ ስለ ምትና ስለ መብራት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሙዚቃ ክበብ አባሎች ስም የተደረገ ንግግር)



 ሌሎች ጓደኞቻችን ስለ ታሪክ፥ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ሀገር ፍቅር ያዘጋጁትን ሰምታችኋል። የእኛ ርእስ ከእነዚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም በእግር ስለሚረገጥ አንድ የጊታር መሣሪያ ነው። ነገር ግን ከዚህች ትንሽ ሣጥን የተማርነው ነገር ትንሽ አይደለም። እንዲያውም ይህች ሣጥን አንድ ወዳጃችንን ልታሳጣን ደርሳ ነበር። ስለዚህ ንግግራችንን ግማሹ ትምህርት፥ ግማሹ ደግሞ ይቅርታ መጠየቂያ ነው ብላችሁ ብትሰሙን ደስ ይለናል።

አብዛኞቻችን ያደግነው በሾላ ገበያ ዙሪያ ነው። በገበያው ያደገ ልጅ ሙዚቃን የሚማረው ጊታር ከመያዙ በፊት ነው። ጧት ጧት አንዱ ነጋዴ ዕቃውን ሲጠራ ማዶ ያለው ይቀበለዋል፤ የታክሲው ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል ሌላው ረዳት ከወዲያ ይመልስለታል። በሠርግም ቤት እንዲሁ ነው። አውጪው አንድ ስንኝ ያወጣል፥ ተቀባዮቹም እያጨበጨቡ ይቀበሉታል። ከተቀባይ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የተባለውን በትክክል መመለስ፥ ሁለተኛው በጊዜው መመለስ ነው። ድምፁ ያማረ ተቀባይ ጊዜውን ካልጠበቀ አውጪውን ያደናቅፈዋል እንጂ አይረዳውም።

በእንግሊዝኛ «ዲሌይ» የሚባለው የጊታር ፔዳል እንዲህ ያለ ተቀባይ ነው። ጊታሩ አንድ ድምፅ ሲያወጣ ሣጥኗ ያንን ድምፅ ይዛ ጥቂት ታቆየውና ትመልሰዋለች፤ እንደ ገና ትመልሰዋለች፤ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል። እኛም በክበባችን ስሟን «ገደል ማሚቶ» ብለናታል። በእንጦጦ ተራራ ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ ድምፃችን ከግማሽ ሰከንድ በኋላ እንዲመለስልን ብንፈልግ 85 ሜትር ርቆ የቆመ ገደል ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም መሄጃውና መመለሻው ሲደመር 170 ሜትር ስለሚሆን ነው። ይህችን ሣጥን የረገጠ ጊታር ተጫዋች ገደሉን በጫማው ሥር ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

የሣጥኗ ታሪክም መስማት የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው የማግኔት ቴፕ ነበር። ድምፁ በሚዞረው ቴፕ ላይ ይቀረጽና ቴፑ ጥቂት ከሄደ በኋላ ሌላ ማንበቢያ ያነበው ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1958 ኮፒካት፥ በአሜሪካ ደግሞ በ1959 ኤኮፕሌክስ የሚባሉት መሣሪያዎች የወጡት በዚህ ዘዴ ነው። በ1969 የፊሊፕስ መሐንዲሶች ሳንግስተርና ቴር ቴፕ የማያስፈልገው መንገድ አገኙ። ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ከአንዲት ትንሽ ማጠራቀሚያ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል፤ እሳት ለማጥፋት የተሰለፉ ሰዎች የውሃ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉ ማለት ነው። ስለዚህም መሣሪያውን «የባልዲ ቅብብል» አሉት። ከዚያም በ1983 የጃፓኑ ቦስ ኩባንያ ድምፁን በቁጥር ለውጦ የሚያስቀምጥ ዲጂታል ዲሌይ በፔዳል መልክ አወጣ። ዛሬ በክበባችን ያለችውም ከዚህ ከዲጂታሉ ወገን ናት።

ፔዳሏ ሦስት ዋና ዋና መዘውሮች አሏት። አንደኛው ድምፁ ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደሚመለስ፥ ሁለተኛው ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም፥ ሦስተኛው ደግሞ የተመለሰው ድምፅ ከዋናው ጋር ሲመዘን ምን ያህል እንደሚጮህ ይወስናሉ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኛም ቀላል መስሎን ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን የተጫወትነውን ዘፈን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ባታስታውሱት ግን እኛ እንመርጥ ነበር። ፔዳሏን ከተማሪው በተዋጣ ገንዘብ ገና መግዛታችን ነበርና ሁሉም ሰው እንዲሰማት ቸኩለናል። የመረጥነው ፈጣን የሠርግ ዘፈን ነበር። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳንደርስ ጨዋታው ተተራመሰ። ጊታሩ ወደ ኋላ ቀረ፤ ዘፋኟ ማንን እንደምትከተል ጠፋት፤ ድራሙ ለብቻው ሄደ። በመጨረሻም ከአምፕሊፋየሩ ሲር የሚል ድምፅ ተሰማና ጊታሩ ጨርሶ ዝም አለ። ከኋላ በኩል የተሳቀው ሳቅ እስከ አሁን በጆሮአችን አለ።

ከመድረክ እንደ ወረድን በመምህሮችና በወላጆች ፊት «ምቱን ያበላሸው ድራም መቺው ነው» አልን። ሌላ ምርመራ አላደረግንም። በአዳራሹ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ድራም ነውና ስሕተትም ሲፈጠር በመጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው። ወዳጃችን አንድ ቃል አልመለሰልንም። ዱላዎቹን በቦርሳው ከቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ሁለት ወር ያህል ወደ ክበቡ አልመጣም።

እውነቱ የተገለጠልን አንዲት እኅታችን በስልኳ የቀረጸችውን ፊልም አምጥታ ከፊዚክስ መምህራችን ጋር በተመለከትን ጊዜ ነው። መምህራችን «ከመፍረዳችሁ በፊት ቁጠሩ» አሉን። የድራሙን ትልልቅ ምቶች በ15 ሰከንድ ውስጥ ቆጠርን፤ 30 ሆኑ። ይህ በ4 ሲባዛ በደቂቃ 120 ምት ነው። ከዘፈኑ መካከል ቆጠርን፤ 30። ትርምሱ ከተነሣም በኋላ ቆጠርን፤ አሁንም 30። ሁላችን ስንጠፋ ያልጠፋው አንድ ሰው እርሱ ነበር። ታዲያ ስሕተቱ ከየት መጣ? ስሕተቱ ሁለት ነበር፤ አንደኛው የምት፥ ሁለተኛው የመብራት ነው። ለታናናሾቻችን እንዲጠቅም ሁለቱንም በተራ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ስለ ምት። አንድ ደቂቃ 60,000 ሚሊሰከንድ ነው። ይህን ቁጥር በደቂቃ ለሚመታው ምት ብናካፍለው የአንዱን ምት ርዝመት እናገኛለን። ዘፈኑ በደቂቃ 80 ምት ቢሆን አንዱ ምት 750 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ 100 ቢሆን 600፥ 120 ቢሆን ደግሞ 500 ይሆናል። ገደል ማሚቶው በዚህ ልክ ከተመለሰ በትክክል በሚቀጥለው ምት ላይ ያርፋል። ይህ ስሌት ለአራተኛ ክፍል ተማሪም የማይከብድ ነው።

እኛ ግን ከውጭ አገር ትምህርት የቀዳነው ሌላ ነበር። የአየርላንዱ የዩ ቱ ባንድ ጊታር ተጫዋች ዘ ኤጅ በዓለም ያስለመደው አንድ ዘዴ አለ፤ ገደል ማሚቶው የምቱን ሦስት አራተኛ ቆይቶ እንዲመለስ ያደርጋል። ምቱ በአራት በሚከፈል ሙዚቃ ይህ እጅግ ያምራል፤ አንድ ሰው እየተጫወተ ሁለት ሰው የሚጫወት ያስመስላል። እኛም የ500ን ሦስት አራተኛ አስልተን 375 ላይ አደረግነው። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ዘፈኑ ግን የዚያ ስሌት ዘፈን አልነበረም።

የሠርግ ዘፈናችን በችክችካ የሚሄድ ነው። በችክችካ አንዱ ትልቅ ምት የሚከፈለው በአራት ሳይሆን በሦስት ነው፤ ሁለት ትልልቅ ምቶች ሲገጥሙ ስድስት ትናንሽ ምቶች ይሆናሉ፤ በኖታም 6/8 ተብሎ ይጻፋል። እንግዲህ አንዱ ትልቅ ምት 500 ሚሊሰከንድ ከሆነ ትናንሾቹ የሚያርፉት በ167፥ በ333ና በ500 ላይ ነው። የእኛ ገደል ማሚቶ ግን የሚመለሰው በ375 ላይ ነበር። ከ333 ቢቆጠር 42 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ ከ500 ቢቆጠር 125 ይቀድማል። ይህ ጊዜ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይሞላም፤ ጆሮ ግን አይታለልም። በጊታሩ ያለው ጓደኛችን የራሱን ገደል ማሚቶ ከድራሙ አስበልጦ ስለሚሰማ ያንን ተከትሎ ወደ ኋላ ቀረ። የተሳሳተ ተቀባይ አውጪውን ይዞት ጠፋ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ በልምምድ ያገኘናቸውን ጥቂት ነገሮች እንጨምር። ፔዳሏ ጆሮ የላትም። ባንዱ ሲፈጥን አትፈጥንም፤ ሲዘገይም አትዘገይም። ለምሳሌ ያህል በ120 ምት አስተካክለናት ባንዱ በሙቀት ብዛት ወደ 124 ቢደርስ የምቱ ርዝመት ከ500 ወደ 484 ይወርዳል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ገደል ማሚቶ 16 ሚሊሰከንድ፥ ሁለተኛው 32፥ ሦስተኛው 48 ይዘገያል። ስሕተቱ እንደ ዕዳ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ በባንድ መካከል ድግግሞሹን ሁለት ወይም ሦስት ማድረግ ይበቃል፤ ብዙውን ጊታሩ ለብቻው ለሚጫወትበት ቦታ ማቆየት ይሻላል። በጣም አጭር የሆነው፥ ከ80 እስከ 120 ሚሊሰከንድ ያለው ገደል ማሚቶ ግን ዋናውን ድምፅ ያወፍረዋል እንጂ እንደ ምት ስለማይሰማ የፍጥነት ለውጥ ብዙ አይጎዳውም።

ቅኝትም መታሰብ አለበት። የሚመለሰው ድምፅ ከአዲሱ ድምፅ ጋር አብሮ ይሰማልና ሁለቱ መስማማት ይኖርባቸዋል። በሜጀር ትዝታ ውስጥ ከግማሽ ድምፅ ልዩነት ጎን ለጎን የሚቆሙ ድምፆች ስለሌሉ ገደል ማሚቶው ቢረዝምም ይጣፍጣል። በአንቺሆዬ ግን እንዲህ የተጠጋጉ ድምፆች አሉና የፊተኛው ሳይጠፋ የኋለኛው ሲመጣ ይጋጫሉ። ያን ጊዜ ድግግሞሹን መቀነስ የተጫዋቹ ፈንታ ነው። እንደዚሁም አዳራሹ ራሱ ገደል ማሚቶ አለው። ጣራው ቆርቆሮ፥ ግድግዳው ባዶ በሆነ አዳራሽ ውስጥ የፔዳሏን መጠን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ደግሞ ሰዉና ልብሱ ድምፅ ስለሚውጡ በባዶ አዳራሽ የተስተካከለው ነገር ሁሉ እንደ ገና መታየት አለበት።

ሁለተኛው ስለ መብራት ነው። ከሶኬት የምናገኘው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፥ ተመላላሽ ነው፤ አብዛኛው የጊታር ፔዳል የሚፈልገው ግን 9 ቮልት፥ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ነው። በመካከላቸው የሚቆመው አዳፕተር ነው። እኛም በሾላ ገበያ የስልክ ቻርጀርና የዋይፋይ አዳፕተር ከሚሸጥበት አንድ መደብ ሄደን 9 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያየንበትን ገዛን። ሻጩ «ዕቃውን አምጡና አብረን እንየው» ብሎን ነበር፤ እኛ ግን አዋቂ ነን ብለን እምቢ አልን። ቤት ስንደርስ ጫፉ ልክ ገባ፤ ፔዳሏ ግን አልበራችም። ምክንያቱም በብዙ የጊታር ፔዳሎች የመሰኪያው መካከል አሉታዊ ሲሆን የገዛነው አዳፕተር መካከሉ አዎንታዊ ስለ ነበረ ነው። ፔዳሏ ያልተቃጠለችው ከዚህ ዓይነት ስሕተት የሚጠብቅ መከላከያ በውስጧ ስላለ ብቻ ነው፤ ይህ መከላከያ የሌለው ፔዳል ግን ሊበላሽ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ዋልታው ትክክል የሆነ ሌላ አዳፕተር አገኘን። እርሱም 200 ሚሊ አምፔር የሚሰጥ ነበር። በልምምድ ጊዜ ሁለት ፔዳሎች ብቻ ስለ ሰካን በደንብ ሠራ። በወላጆች ቀን ግን አንድ ሦስተኛ ፔዳል ተውሰን ጨመርን። ሦስቱ በአንድነት የሚጠይቁት 230 ሚሊ አምፔር ነበር። ለሁለት ሰው የቀረበ እንጀራ ሦስተኛ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያንስ እንዲሁ አነሰ። የሰማችሁት ሲርታና የጊታሩ ዝምታ ምክንያታቸው ይህ ነበር።

ከዚህ የተማርነውን በአጭር ቃል ብንናገር፥ አዳፕተር ስትገዙ ሦስት ነገር አንብቡ። ቮልቱ ፔዳሉ ከሚለው ጋር እኩል ይሁን፤ ዋልታው ከተጻፈው ምልክት ጋር አንድ ይሁን፤ ሚሊ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ሚሊ አምፔሩ ቢበልጥ አይጎዳም፤ ፔዳሉ የሚወስደው የሚበቃውን ብቻ ነውና። ቮልቱ ቢበልጥ ግን ሊያቃጥል ይችላል። ብዙ ፔዳል ያለው ሰው የሁሉንም ሚሊ አምፔር ደምሮ ከዚያ የሚተርፍ ምንጭ ይያዝ። ዲጂታል ፔዳል ከሌሎች ጋር በአንድ ገመድ ሲሰካ ጩኸቱን ወደ ጎረቤቶቹ ሊያስተላልፍ ስለሚችል መውጫዎቹ እርስ በርሳቸው የተለያዩ ምንጭ ቢገኝ ይመረጣል። አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪም ለአንድ ዝግጅት ጥሩ መጠባበቂያ ነው።

እዚህ ላይ በተለይ ወላጆቻችንና ታናናሾቻችን እንዲያስተውሉት የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። አምፕሊፋየር እምምም የሚል ድምፅ ሲያሰማ የመሬት መስመሩን ከሶኬት ቆርጦ መጣል እንደሚያስተካክለው የሚመክሩ ሰዎች አሉ። ይህን ምክር ከቶ አትቀበሉ። ያ መስመር የተሠራው ኤሌክትሪክ ወደ መሣሪያው ብረት ቢያመልጥ የተጫዋቹን ሕይወት ለማትረፍ ነው። አንድ እጁ በጊታር ሽቦ ላይ፥ ከንፈሩ በማይክሮፎን ላይ ያለ ልጅ አደጋው እጥፍ ነው። ስለዚህ የባንዱን መሣሪያ ሁሉ የመሬት መስመሩ ደኅና ከሆነ ከአንድ መውጫ መስካት፥ የድምፅ ገመዱን ከመብራት ገመድ ማራቅ፥ የተላጠውን ገመድ መለወጥ ይገባል። ጩኸት ይታገሡታል፤ ሕይወት ግን አይተካም።

መብራት ሲጠፋስ? ይህ ለከተማችን ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ፔዳሏ ትጠፋለች፤ ስትበራም በእግር መትተን የሰጠናትን ፍጥነት ረስታ በመዘውሩ ወዳለው ትመለሳለች። ስለዚህ ከመብራቱ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ዘፈኑን መቀጠል ሳይሆን ፍጥነቱን እንደ ገና መስጠት ነው። አሁን ፔዳሎቻችንን 9 ቮልት በሚሰጥ ቻርጅ በሚደረግ ባትሪ ላይ ስላደረግናቸው መብራቱ ቢቋረጥም ትዝታቸው አይጠፋም። የእኛይቱን ጨምሮ ብዙ ዓይነት ፔዳሎች ኃይል ካጡ የጊታሩን ድምፅ ጨርሰው ይዘጋሉና ጊታሩን በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚያገናኝ አንድ ገመድ ሁልጊዜ በአጠገባችን ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ የቀረን አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ከሁሉ የከበደው ነው። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ሀገራችን ልማድ አንድ ሽማግሌ ይዘን ወደ ወዳጃችን ቤት ሄድን። እናቱ በሾላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። መጀመሪያ ያገኘናቸው እርሳቸውን ነበር፤ በርበሬ እየመዘኑ የመጣንበትን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያም «ልጆቼ፥ ሚዛኑን ሳታዩ ገበሬውን ሌባ አላችሁት» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ወዳጃችን ፊልሙን እንድናሳየው ጠየቀን። ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። የሚቆጣን መስሎን ነበር። እርሱ ግን ቀስ ብሎ «እኔ ራሴም ያበላሸሁ መስሎኝ ነበር» አለ። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ከሳቁ ሁሉ ይልቅ የከበደን ይህ ቃል ነው። በሐሰት የተወቀሰ ሰው ወቀሳው ሲደጋገምበት ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። አንድ ጊዜ በሰው ፊት የተናገርነው ቃል በወዳጃችን ልብ ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመላለስ ኖሮአል፤ እየቀነሰም አልሄደም። በሰው ፊት ስለ ወቀስነው በሰው ፊት ይቅርታ ልንጠይቀው ይገባናል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ መድረክ፥ መምህሮቻችንና ወላጆቻችን ምስክር ሆነው፥ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሱ እንዳልነበረ እናረጋግጣለን፤ ይቅርታም እንጠይቀዋለን።

ይህን ንግግር ካዘጋጀነው መካከል በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርን አለን። በአራት ድምፅ መዝሙር ስናጠና መምህራችን ጠረጴዛውን በእርሳስ እየመቱ «አትቸኩሉ፤ ከመጮህ በፊት ተደማመጡ» ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ትርጉሙ አልገባንም። በሀገራችን የኤሌክትሪክ ጊታርን ያስከበሩት ታላላቆቻችንም ጥንካሬያቸው መደማመጥ ነበር። አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል መድረክ ለብዙ ጊዜ አብሮ የተጫወተ ባንድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ሠራ። በአይቤክስና በኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወቱትን የጊታር ተጫዋች የሰላም ሥዩምን ሥራ የሚያዳምጥ ተማሪ ጊታሩ ከድራሙና ከቤዙ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ይሰማል። አብሮ ለመለማመድ የሚሰጠውን ጊዜ ምንም ዓይነት ሣጥን አይተካውም።

እንግዲህ በክበባችን አንድ አዲስ ሥርዓት አቁመናል። ፔዳሏ ለተጨማሪ መርገጫ የሚሆን ቀዳዳ ስላላት ረዥም ገመድ ገዝተን መርገጫውን በድራም መቺው እግር አጠገብ አደረግነው። ከእንግዲህ ወዲህ ለገደል ማሚቶው ፍጥነት የሚሰጠው እርሱ ነው። በችክችካ ዘፈን ትልቁን ምት በእግሩ ይመታል፤ ገደል ማሚቶውም በሙሉ ምት ላይ ይመለሳል። ዘፈኑ ቢፈጥን እንደ ገና ይመታና ያስተካክለዋል። ጆሮ የሌላትን ሣጥን ከሁላችን ይልቅ ጥሩ ጆሮ ላለው ሰው አደራ ሰጠናት ማለት ነው። የጊታሩንም ድምፅ እርሱ በሚሰማበት አቅጣጫ አንድ ድምፅ ማጉያ አዙረንለታል፤ የማይሰማውን ነገር ጠብቅ ማለት ግፍ ነውና።

ታናናሾቻችን ሆይ፥ እኛ በዚህ ዓመት እንሰናበታለን፤ ፔዳሏ፥ ገመዶቹና ይህ ጥቂት እውቀት ግን ለእናንተ ይቀራሉ። ፔዳሏን ስትረከቡ መጀመሪያ ዘፈኑ በስንት እንደሚከፈል ቁጠሩ፤ ቀጥሎ በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ነገር የተበላሸባችሁ እንደ ሆነ ደግሞ ጣታችሁን ወደ ጓደኛችሁ ከመቀሰራችሁ በፊት ቅጂውን ሰምታችሁ ቁጠሩ። ቁጥር አያዳላም።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ለዚህች ሣጥን የሰጣችሁን ገንዘብ ለጨዋታ ብቻ የዋለ እንዳይመስላችሁ። በእርሷ ምክንያት ማካፈልን በጆሮአችን ሰምተናል፤ ኤሌክትሪክን በእጃችን አውቀናል፤ ከሁሉም በላይ ወዳጅን ማክበር ተምረናል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ የአምናውን የሠርግ ዘፈን እንጫወትላችኋለን። ሌላ መምረጥ እንችል ነበር፤ ነገር ግን ያበላሸነውን ማቃናት እንዳለብን ተስማምተናል። መቁጠሩን የሚጀምረው ድራም መቺያችን ነው። እናንተም ዘፈኑን እንደ ጥንቱ በጭብጨባ እንድትቀበሉን እንለምናችኋለን።